ሜትሩን ሁለታችሁም ያዙት

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቤት፣ ግቢና ጎረቤት

ጥያቄዎቹን የሚመልሱልን በጎንደር ለረጅም ዓመታት በመሬት ቀያሽነት የሠሩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ሆነው በሰፈራቸው ለሽምግልና የሚቀመጡ ዓምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ወደ አንገረብ ከሚያዘነብለው ሰፈር ነው። ከእናቴ ጋር የምኖርበት ግቢ የአባቴ ነው። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ካርታው ግን እስካሁን በእሱ ስም ነው። ከእኛ በታች ያለው ግቢ የአባቴ የልብ ወዳጅ ይዞታ ነበር። በመካከላችን ያለውን የድንጋይ ካብ ሁለቱ በደርግ ጊዜ በገዛ እጃቸው አብረው ካቡት፤ አናቱ ላይም ቅንጭብ ተከሉበት። እኔ ስወለድ አጥሩ ነበረ። በዚያ አጥር ላይ ስንት እሳት ተጫጭረናል፣ ስንት የበዓል ድፎ ተቀባብለናል። የአባቴ ወዳጅም እንደ አባቴ ዐረፉ። አሁን ግቢውን የያዘው አብሮኝ ያደገው ልጃቸው ነው።

በየካቲት ወር ካቡን አፍርሶ በብሎኬት ሊያጥር ተነሣ። ከግንበኛው ጋር ሆኖ ሜትር ዘረጋ። የእኛን ከላይኛው በር እስከ ካቡ ሲለካ 20 ሜትር ከ60 ሆነ። የራሱን ከመንገዱ እስከ ካቡ ሲለካ 19 ሜትር ከ40 ሆነ። በሁለታችንም ካርታ ላይ የተጻፈው 20 ሜትር ነው። «60 ሳንቲም ገፍታችሁኛል፤ እኔ ሳልሆን ሜትሩ ነው የሚናገረው» አለኝ። በማግሥቱ ከካቡ ወደ እኛ 60 ሳንቲም ገብቶ ችካል ተከለ፣ ሲባጎም ወጠረበት። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት 24ቱን የድንጋይ ደረጃ ወርዳ ታች መድረስ ከተወች ቆይታለች። ያን ቀን ግን ተደግፋ ወረደችና ሲባጎውን አይታ አለቀሰች።

የእድራችን ሽማግሌዎች ገብተው «ሠላሳ ሠላሳ ተካፈሉና ይብቃ» አሉን። ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ «ችካሉን በሌሊት ነቅለሽ ጣዪው» ይለኛል። ሌሎች ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ ይሉኛል። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር «ውሃችሁ ግቢዬ ገባ» እያለ ከማማረር በቀር ክፉ ተናግሮን አያውቅም። ምን ላድርግ? ሠላሳውን ልቀበል?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣ ሠላሳውን አትቀበዪ፤ ችካሉንም አትንኪ። መካፈልም ሆነ መንቀል ከልኬት በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው፤ በእናንተ መካከል ደግሞ እስካሁን የተካሄደ ልኬት የለም። ልጁ ሜትር ዘርግቶ ያየውን ቁጥር በታማኝነት ነግሮሻል፤ በዚህ አልጠረጥረውም። ነገር ግን እሱ የለካውና ካርታው ላይ የተጻፈው ርዝመት አንድ አይደሉም።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከመሐል ከተማው፣ ከአራዳ፣ ወጣ ሲባል አብዛኛው ግቢ ወይ ወደ አንዱ ወንዝ ወይ ወደ ሌላው ያዘነብላል። ካርታ ቁልቁለትን አይቆጥርም። ካርታ ላይ «20 ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ ትርጉሙ ግቢው ከላይ፣ ከሰማይ ሲታይ ያለው የአግድም ርዝመት ነው። ሜትሩን መሬት ላይ አስተኝተሽ ቁልቁለቱን ተከትለሽ ከለካሽ ግን ሁልጊዜ ከዚያ የበለጠ ይወጣል። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ በእኛ ሰፈር ግን አንድ ሰው የሚጣላበትን ያህል ይሆናል።

ምን ያህል እንደሚሆን ራስሽ ጽፈሽልኛል። የእናትሽን ጉልበት ያስቸገረው ደረጃ 24 ነው ብለሻል። የድንጋይ ደረጃ ከፍታው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 17 ብለን ብንይዘው 24ቱ ደረጃ 4 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። አግድሙ 20 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 4 ሜትር የሆነ ቦታ በትምህርት ቤት በተማርነው በፓይታጎረስ ቀመር ሲሰላ ተዳፋቱ 20 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ልጁ «ገፍታችሁኛል» ካለው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 40ው የቁልቁለቱ ብቻ ነው ማለት ነው። ደረጃዎቹ ከበሩ ጀምረው እስከ ካቡ እግር የሚደርሱ ከሆነ ይህ ሒሳብ ይሠራል። ከካቡ በፊት የሚያልቁ ከሆነና መሬቱ ከዚያም በኋላ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የቁልቁለቱ ድርሻ ከ40ም ይበልጣል።

የቀረውን 20 ሳንቲ ሜትር እዚህ ቤቴ ተቀምጬ ልፈርድበት አልችልም፤ የት እንደምፈልገው ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ የምሄደው ካቡ ዘንድ ነው። ያለ ኖራና ያለ ሲሚንቶ የተካበ ደረቅ ካብ እንዲቆም ወፍራም መሆን አለበት፤ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆን ብዙ አይቻለሁ። ልጁ የእናንተን ሲለካ ሜትሩን እስከ ካቡ የትኛው ፊት አደረሰው? የራሱን ሲለካስ ከየትኛው ፊት አቆመ? ሁለቱንም ጊዜ በእሱ በኩል ባለው ፊት ላይ ከሆነ ያቆመው፣ የካቡን ውፍረት በሙሉ በእናንተ ላይ ቆጥሮታል። አባቶቻችሁ አብረው የካቡት ከሆነ ደግሞ ወሰኑ በካቡ መሐል የሚያልፍ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል፤ ስለዚህ ለሁለታችሁም የካቡ ግማሽ ይገባችኋል። የእሱ 19.40 በዚህ ብቻ እንኳ ወደ 20 ይጠጋል።

ሌላም አለ። ከላይ አፈር የተሸከመ ካብ በየክረምቱ እየራሰና እየከበደ ሲሄድ ወደ ታች በኩል ሆድ ያወጣል። አፈሩ ነው የሚገፋው፤ ሰው አይደለም። ከታች ያለው ጎረቤት ግን ካቡ ወደ እሱ መጥቶ ሲያገኘው የተገፋ ይመስለዋል፤ በዓይኑ ያየው ስለሆነም አልፈርድበትም። የዚህ መፍትሔ ሜትሩን በካቡ ሆድ ላይ ሳይሆን በሥሩ፣ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ መያዝ ነው። አባቶቻችሁ ያስቀመጡት የታችኛው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሦስተኛው ነገር መንገዱ ነው። የራሱን ከመንገድ ጀምሮ ነው የለካው። ያ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፈርለት የፊት አጥሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ? እንደዚያ ከሆነ ልጁ በእርግጥ ጎድሎበታል፤ የጎደለበት ግን በመንገዱ በኩል እንጂ በእናንተ በኩል አይደለም። የፊት አጥሩ መቼ እንደተሠራ ያለ ቁጣ ጠይቂው።

እና እንዴት ይለካ? ውድ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት እናንተው የምታደርጉት አለ። ሜትሩን በአንድ ጫፍ አንቺ፣ በሌላው ጫፍ እሱ ያዙት። ይህን እንደ ጨዋነት ብቻ አትዪው፤ በሌላ ሰው እጅ የተያዘ ሜትር የሚያወጣውን ቁጥር ማንም ከልቡ አይቀበለውም። ከላይኛው በር ጀምራችሁ በደረጃ ለኩ፦ ሜትሩን አምስት አምስት ሜትር ብቻ አድርጋችሁ፣ በውሃ ልክ አይታችሁ ፍጹም አግድም ወጥሩት፤ ከታችኛው ጫፍ ቱንቢ፣ ክብደት የታሰረበትን ክር፣ አውርዳችሁ መሬት በነካበት ቦታ ችካል ትከሉ፤ ከዚያ ችካል ደግሞ ሌላ አምስት ሜትር። በእናንተ ግቢ ቁልቁለት በየአምስት ሜትሩ ቱንቢው የሚወርደው አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ ማንም ሰው ቆሞ ሊይዘው ይችላል። ሜትሩ እንዳይረግብ ጠበቅ አድርጉት፤ ከረገበ እሱም ይዋሻል። ከዚያ የእሱን ግቢ በተመሳሳይ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዎች ለኩ። መነሻችሁም ሁለታችሁም የማትከራከሩበት ቦታ ይሁን፤ ከላይ ካለው ጎረቤት ጋር የሚያዋስናችሁ የቆየ የግንብ ማዕዘን ካለ እሱን ያዙ።

አደራ፣ በስልክ አትለኩ። ይህን የምጽፈው ስልካቸውን ይዘው በካርታቸው ጥግ ላይ ቆመው «እዚህ ጋ ነው የሚለው» እያሉ የሚጨቃጨቁ ወጣቶች ስለበዙ ነው። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ በጠራበት ሜዳ ላይ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይስታል፤ እናንተ የምትከራከሩት ስለ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህም በላይ የቆዩት ካርታዎቻችን ላይ የተጻፉት የማዕዘን መገኛ ቁጥሮች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት የተሰሉ ሲሆኑ፣ ስልኩ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነው። ያንኑ አንድ ነጥብ ሁለቱ ሥርዓቶች ሁለት መቶ ሜትር ገደማ አራርቀው ያሳዩታል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ጎረቤቱ ግቢ መሐል ገብቶ «የኔ ነው» ያለ ሰው አውቃለሁ፤ በእውነት አምኖ ነበር።

በደረጃ ለክታችሁ ብትስማሙ ጥሩ። ባትስማሙ፣ ወይም ብትስማሙም ለወደፊቱ እንዲጸና ከፈለጋችሁ፣ የክፍለ ከተማችሁ የመሬት ጽሕፈት ቤት ወሰናችሁን እንዲያሳይ ማመልከቻ አስገቡ። ከተቻለ ማመልከቻው አንድ ይሁን፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንዱ ብቻውን ያስመጣው ቀያሽ፣ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ተሸክሞ ቢመጣም፣ በሌላው ዓይን የአንዱ ሰው ነው። እኔ ራሴ በሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ያየሁት ይህን ነው፦ መሣሪያው ትክክል ሆኖ፣ ልኩም ትክክል ሆኖ፣ አንደኛው ጎረቤት በቦታው ስላልነበረ ብቻ ጠቡ ለዓመታት ቀጠለ። ልኬቱ ሲያበቃ የተገኘው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ሁለታችሁም፣ ከላይ ያለው ጎረቤትም ይፈርምበት። በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 818 የከተማ ይዞታ በካዳስተር፣ ማለትም የእያንዳንዱ ይዞታ ወሰን ተለክቶ በሚያዝበት መዝገብ፣ እንዲመዘገብ ተወስኗል፤ በዚያ ምዝገባ ጊዜ በአዋሳኞች መካከል አለመግባባት የሌለበት ወሰን ያለው ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። እኔም በሽምግልና እቀመጣለሁና ልባቸውን አውቃለሁ፤ የፈለጉት የሁለት ወዳጆች ልጆች ሰላም ብለው እንዲያድሩ ነው። «ተካፈሉ» የሚለው ፍርድ ግን በወሰን ነገር ላይ አይሠራም። ገንዘብ ቢሆን እሺ። ወሰን ላይ ግን ሳይለካ ከተካፈላችሁ፣ ልጁ በእውነት ተገፍቶ ከነበረ 30 ሳንቲ ሜትር ተነጥቋል፤ ካልተገፋ ደግሞ አንቺ ተነጥቀሻል። ከሁለት አንዳችሁ በደል ይዛችሁ ትኖራላችሁ፤ ያንን በደል ልጆቻችሁ ይወርሱታል። ከጠየቀ ሰው ሁሉ ጋር ግማሽ የሚካፈል ግቢ ደግሞ ጠያቂ አያጣም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን አትመልሻቸው፤ ሌላ ሥራ ስጫቸው። «አባቶቼ፣ ስንለካ ቁሙልን፣ ያያችሁትንም መስክሩልን» በያቸው። ለዚህ ሥራ ከእነሱ የተሻለ ሰው አታገኚም፤ ካቡ ሲካብ ያዩም ሳይኖሩባቸው አይቀርም። ከተለካ በኋላ አንቺ በፈቃድሽ «ግድ የለም፣ ይቺን ልተውለት» ብትዪ ያ ስጦታ ነው፣ ክብርም ነው። የራስሽ መሆኑን ሳታውቂ የምትሰጪው ግን ስጦታ አይባልም።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከ60 ሳንቲ ሜትሩ ይልቅ ቆም ያደረገኝ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው፤ ውሃው። ልጁ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃችሁ ግቢው እየገባ እንደሚያማርር ጽፈሻል። ስንት ክረምት ተናገረ? ምንስ ተደረገለት? ከላይ ላለ ሰው ውሃ ሄዶ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ከታች ላለው ግን ግድግዳ ያርሳል፣ ወለል ያበሰብሳል፣ ልጅ ያሳምማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 1225 ባለቤት ጎረቤቱን ከሚያውክና ከሚጎዳ ነገር መራቅ እንዳለበት ይደነግጋል። የጣራችሁ ፍሳሽ አሸንዳ አለው? አሸንዳው የት ይፈሳል? ግቢውን በብሎኬት ሊያጥር የተነሣው ልኩን ለማስተካከል ነው ወይስ ውሃውን ለመከልከል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ለሽምግልናው ስትቀመጡ ሌላው ሳይነሣ በፊት ይህን አንሺ፦ «ውሃው አስቸግሮሃል፤ እውነትህን ነው፤ ከክረምቱ በፊት አሸንዳ አሠርቼ በጎን በኩል በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ አወርደዋለሁ» በዪው። ቱቦው በእሱ ግቢ ማለፍ ካለበት ደግሞ በእሱ ፈቃድ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ስለ ብሎኬቱ ግን ለእሱም ልትነግሪው የሚገባ ነገር አለ፤ ለሁለታችሁም ደኅንነት ነውና። ያ ካብ አጥር ብቻ አይደለም፤ የእናንተን አፈር ይዞ የቆመ ግድግዳ ነው። ካቡን አፍርሶ፣ ወደ ቁልቁለቱ 60 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ገብቶ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ባዶ ብሎኬት ቢያቆም፣ ሐምሌ ሲመጣ የራሰው አፈር ገፍቶ ይጥልበታል፤ የሚወድቀውም ወደ እሱ ነው። እዚያ ቦታ የሚቆመው ከታች ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ በየሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው፣ ከጀርባው ጠጠር የተሞላበት ነው። ብሎኬት ከፈለገ ከዚያ በላይ ይቀጥልበት። ካቡን በክረምት አፋፍ ማፍረስም አደገኛ ነው፤ ሥራውን ከመስከረም በኋላ፣ አፈሩ ደረቅ ሲል ቢጀምረው ለእሱም ይረክስለታል። ለግንብ አጥር የግንባታ ፈቃድ መያዙንም ጠይቂው፤ ካልያዘ ፈቃዱን ሲጠይቅ ወሰኑ መታየቱ ስለማይቀር ለሁለታችሁም መልካም አጋጣሚ ይሆናል።

ወንድምሽ የሰጠሽን ምክር አትከተዪ። በእርግጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን ሊነጥቀው የመጣን ሰው በዚያው ቅጽበት እንዲከላከል ይፈቅድለታል፤ ያውም ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል ሳይጠቀም ነው። ችካሉ ከተተከለ በኋላ በሌሊት ሄዶ መንቀል ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም። የወሰን ምልክት ማንሣት በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነገር ስለሆነ፣ ባለ አቤቱታ የነበርሽው ሴት በአንድ ሌሊት ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ይልቅስ ችካሉንና ሲባጎውን፣ ካቡንም ከሁለቱም በኩል ፎቶ አንሺ፤ ቀኑን ጻፊ፤ ሁለት ሰው ያይልሽ።

ሽምግልናው ቢከሽፍና ልጁ ካቡን ማፍረስ ቢጀምር ፍርድ ቤት መሄድ ነውር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ይዞታው የተነጠቀ ወይም የታወከ ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል ይላል። ይህ ክስ ግን ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በየካቲት ችካል ተተክሏልና ከዚያ ቁጠሪ፤ «በእርቅ ያልቃል» እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍብሽ። ክሱን ስታቀርቢ ግንባታው ለጊዜው እንዲቆም የእግድ ትእዛዝ መጠየቅም ትችያለሽ። ካርታው በአባትሽ ስም መሆኑ ይህን ክስ አያግድብሽም፤ በግቢው ውስጥ የምትኖሪ ባለይዞታ ነሽና።

ለስምምነት ግን ያግድብሻል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግቢው የአባትሽ ወራሾች ሁሉ ነው፤ የእናትሽ ድርሻ አለ፣ የወንድምሽም አለ። አንቺ ብቻሽን የፈረምሽው የወሰን ስምምነት ነገ በወንድምሽ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ወንድምሽ ከባሕር ዳር መምጣት ካልቻለ ውክልና ይላክልሽ። እርቁ ሲደረግ በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለታችሁ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፤ የተለካው ርዝመትና መነሻው ነጥብ በቁጥር ይግባበት። «በሽማግሌ ፊት ታርቀናል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ስለ ወሰኑ ምንም አይናገርም። ከወሰኑ ላይ እየቀነሳችሁ የምትሰጣጡት ነገር ካለ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት ስለሆነ በዚያው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለመመዝገብ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱም ማወቅ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ወደ እሱ ውረጂ። ሽማግሌ ሳትልኪ፣ ወንድምሽን ሳትጠሪ፣ ራስሽ። «የለካኸውን አምኜሃለሁ፤ ግን ቁልቁለቱ ገብቶበታል ይላሉ፤ ቅዳሜ ና፣ አንድ ጫፍ አንተ ያዝ፣ አንድ ጫፍ እኔ እይዛለሁ» በዪው። አብሮሽ ያደገ ልጅ ይህን እምቢ ይላል ብዬ አላምንም። እናትሽንም ያን ቀን ከላይ በሩ ላይ ወንበር አውጪላት፤ ትይ።

ጥያቄ

ከአዘዞ ነው የምጽፈው፤ ጡረተኛ ነኝ። አጎራባቼ የቀበሌ ቤት ነው። በመካከላችን ያለው የእንጨት አጥር ባለፈው ክረምት ወደቀ። በቤቱ የሚኖሩት ተከራይ መልካም ሰው ናቸው፤ አንድ ሜትር ያህል ወደ እሳቸው ገብቼ ባጥር እንደማይቃወሙ ተስማምተን ተፈራርመናል። እኔም በጃንሆይ ዘመን የተጻፈ የአያቴ ውል አለኝ፤ ያን ጊዜ ግቢያችን እስከዚያ ድረስ እንደነበር ይናገራል። ይበቃኛል?

መልስ

ጋሼ፣ አይበቃዎትም፤ እባክዎን አጥሩን እዚያ ላይ አያቁሙት። ተከራዩ በቤቱ ይኖራሉ እንጂ ቤቱ የእሳቸው አይደለም፤ የሌላቸውን መብት ሊሰጡዎት አይችሉም። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ቤት ነውና ስለ ወሰኑ የሚነጋገርዎት ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል ብቻ ነው። የተፈራረማችሁት ወረቀት እርስዎን አይጠቅምም፤ እኒያን መልካም ሰው ግን ከቤታቸው ጋር በተያያዘ ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል። በስምምነት ቅደዱት።

የአያትዎን ውል በክብር ያስቀምጡት፤ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ለወሰን ማስረጃነት ግን አይሄድም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ላይ ወሰነው። አጠገብዎ ያለው የቀበሌ ቤት በዚያ አዋጅ ከአያትዎ ግቢ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ሕመሙ ይገባኛል። ከዚያ ወዲህ ግን መብትዎ የሚታየው አሁን በእጅዎ ባለው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደረገው የአሁኑ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል።

በድሮው መሥመር ላይ ለማደስ ግን ማንም አይከለክልዎትም። ቀበሌው ቤቶችን በሚያስተዳድርበት ክፍል አንድ ማመልከቻ ያስገቡ፤ አጥሩ መውደቁንና በነበረበት ቦታ ልታድሱት መሆኑን ይግለጹ፤ የወጪውን ግማሽ እንዲሸፍኑም ይጠይቁ። ባይሸፍኑ እንኳ ደብዳቤው ወደፊት ይጠቅምዎታል። እስከዚያ ድረስ የወደቀውን እንጨት ለማገዶ ብለው አያንሡት። ቋሚዎቹ ቆመውበት የነበሩት ጉድጓዶች የወሰንዎ ምስክር ናቸው፤ ዝናብ ሳይደፍናቸው በፊት ከቀበሌው አንድ ሰው፣ ተከራዩም ባሉበት፣ በየጉድጓዱ ችካል ያስተክሉባቸው።